አልነሳ ያለው ግራ እጄ

ሰው የሚታመምበትን ቦታ መምረጥ ቢችል ኖሮ፣ እኔ በዚያ ዘመን፣ አስመራ ላይ ሆኜ፣ ግራ ትከሻዬን አልመርጥም ነበር። ቀኙ ቢሆን ምን ነበረበት? ጉልበቴ ቢሆን፣ ወገቤ ቢሆን፣ ጥርሴ እንኳ ቢሆን ማንም ጉዳዬ ብሎ አያየኝም። ግራ እጅ ግን የመንግሥት ነበር። በደርግ ዘመን ያልኖረ ሰው ይህን ስነግረው ቀልድ ይመስለዋል፤ የኖረ ደግሞ ገና ሳልጨርስ ይስቃል። በየስብሰባው መዝጊያ መፈክር ይነሳል፤ አዳራሹ በሙሉ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ይሰቅላል፤ እጁ ያልተነሳ ሰው ወይ ሕፃን ነው ወይ ጠላት ነው። እኔ ያኔ አርባ ስምንት ዓመቴ ነበር።

የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ መዝገብ ቤት ነበር የምሠራው። ከደሴ ወደ አስመራ ተዛውሬ ስመጣ ባለቤቴ «ልጆቹን ከትምህርታቸው አላፈናቅልም» ብላ እዚያው ቀረች፤ እኔ ማይ ጭሆት በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ስልሳን የተሻገሩ ሴትዮ ነበሩ። እንደ ሰፈሩ ሰው «አደይ» እላቸዋለሁ፣ እናቴ ማለት ነው። ግቢው አንድ፣ ቧንቧው አንድ፣ ሽንት ቤቱም አንድ ነው። ልብ ግን አንድ አልነበረም። ሰፈርተኛው ሰላምታ አይነፍገኝም፤ «ከመይ ሓዲርኩም» እላለሁ፣ «ጽቡቕ» ይሉኛል፣ ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አትጨመርም። ሻሂ ቤት ስገባ የደራ ጨዋታ ይቋረጣል። አልፈርድባቸውም። ከመሀል አገር የመጣ፣ የመንግሥት እንጀራ የሚበላ ሰው የሰማውን የት ወስዶ እንደሚያራግፈው በምን ያውቃሉ? ግን ይከፋኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ! በሰው መሀል ሆኖ ሰው መራብ ክፉ ነው።

ትከሻዬ የጀመረኝ ክረምቱ ሲወጣ ነው። መጀመሪያ ኮት ስለብስ ውግት አደረገኝና ተውኩት። በሳምንቱ ከላይኛው መደርደሪያ ፋይል ላወርድ እጄን ስዘረጋ እንዲህ ያዘኝና ፋይሉን ለቅቄ ግድግዳ ተደገፍኩ። ከዚያማ ምኑ ቅጡ! በግራ ጎን መተኛት ቀረ። ጀርባ ማከክ ቀረ። ከኋላ ኪስ መሐረብ ማውጣት ቀረ። መሐረቤን ወደ ፊት ኪሴ አዛወርኩና ጀርባዬን እንደ በሬ የበር መቃን ላይ ማሸት ጀመርኩ። ለማንም አልተናገርኩም። የእኛ ቤት ወንዶች ሕመም አይናገሩም፤ አባቴ ቢችል ኖሮ ሞቱንም ይደብቀን ነበር።

የቢሮ ሰዎች ኮት ስለብስ ፊቴ ሲጨማደድ አይተው «ብርድ ነው» አሉኝ። አስመራ ላይ ሁሉም ነገር ብርድ ነው። አውቶቡስ መስኮት አጠገብ ተቀምጠሃል፣ ብርድ ነው። ጠዋት ፊትህን ታጥበህ ወዲያው ወጥተሃል፣ ብርድ ነው። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ ትኩስ ሻሂ በሦስት ማንኪያ ስኳር። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ታከምኩ። ጥም ይዞኝ ስለነበር መድኃኒቱ ተስማማኝ። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያሰኘኛል።

ሻሂው አልፈውስ ሲል እዳጋ ሓሙስ ሰፈር አንድ ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ! ሰውየው እጆቹ ሰፋፊ፣ አፉ ቁጥብ ነው። ቅቤ ቀብቶ አሸኝ፤ እሱስ መልካም ነበር። ከዚያ ክርኔን ይዞ ወደ ላይ ሲስበው ግን የጮህኩትን ጩኸት፣ ፌርማታው ላይ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ ሰማው። ወጌሻው እጄን ቀስ አድርጎ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝና ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ የማውቀው አጥንት ነው። አጥንትህ ቦታው ላይ ነው። ይሄ ሌላ ነገር ነው የያዘው፣ ሓኪም ይየው» አለኝ።

ሐቀኛ ሰው ነበር፤ ሰሚ አጣ እንጂ። እኔ ደግሞ ሐኪም ቤት የሚሄደው የታመመ ሰው ነው ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

የቀበሌያችን ስብሰባ እሑድ እሑድ ጠዋት ነው። ሊቀ መንበሩ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ በድምፅ ግን ሁላችንንም የሚበልጥ ሰው ነበር። ሲያስፈክር ዓይኑ አያርፍም፣ እጅ ይቆጥራል። የመጀመሪያው እሑድ፣ እጅ እጅ ነው ብዬ ቀኜን አነሳሁ። «ጓድ! ግራህን!» ብሎ ከመድረክ አምባረቀብኝ። በሁለተኛው እሑድ አንድ ዘዴ መጣልኝ፤ ግራ ክርኔን በቀኝ እጄ ደግፌ፣ ውሃ የሞላው እንስራ እንደሚያሸክም ሰው ወደ ላይ ገፋሁት። ደረቴ ድረስ መጣና ቆመ። ስገፋ አቃሰትኩ፣ ላቤ ተንቆረቆረ፣ ፊቴ ተጣመመ። ከኋላዬ ካሉት ሴቶች አንዷ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ አጠገቧ ያለችው፤ ከዚያ ያ መደዳ በሙሉ። በመፈክር መሀል ሳቅ! ሊቀ መንበሩ እኔን ያየበትን አስተያየት አልረሳውም። በሦስተኛው እሑድ ተስፋ ቆረጥኩ። ሁሉም እጁን ሲሰቅል እኔ ሁለቱንም እጆቼን አውርጄ ዝም ብዬ ቆምኩ።

ስብሰባው ሲያበቃ አስጠራኝ።

«ጓድ፣ አንተ የመንግሥት ሠራተኛ ነህ። ሕዝቡ የሚያየው አንተን ነው። ምን ማለትህ ነው?»

«ትከሻዬን አሞኝ ነው።»

«ሦስት እሑድ ሙሉ?»

«ኧረ ሦስት ወር ሆኖኛል።»

«ሲያዩህ ደህና ነህ» አለ። እውነቱን ነው፣ ትከሻ ከላይ አያስታውቅም፤ ቁስል የለው፣ እብጠት የለው። «እንግዲህ የሚቀጥለው እሑድ ወይ እጅህ ይነሳል፣ ወይ ማኅተም ያለው የሐኪም ወረቀት ታመጣለህ። ሁለቱም ካልሆነ ለመሥሪያ ቤትህ እጽፋለሁ።»

መጻፍ ምን ማለት እንደሆነ መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ያውቃል። አንዲት ገጽ ደብዳቤ ስንቱን ከወንበሩ፣ ስንቱን ከነአካቴው ከቤቱ እንዳነሳች በገዛ እጄ ፋይል አድርጌያለሁ። ደሴ ላይ አራት ልጆች አሉኝ።

ጉዱ የመጣው በማግሥቱ ነው። ሰኞ ጠዋት ሻሂ ቤት ስገባ ጨዋታው አልተቋረጠም። ባለቤቱ ራሱ ተነስቶ ወንበር ሳበልኝ። ሻሂውን ሲያመጣልኝ ስኳሩ ከብርጭቆው ሥር ሁለት ጣት ያህል ተኝቷል። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በራሽን በሚታደልበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጎንበስ ብሎ «እግዚሄር ያበርታህ» አለኝ። ለትከሻዬ መሰለኝ! ማን ነገረው ብዬ ገረመኝ። ማክሰኞ አንዲት ጎረቤት ዘቢብ የገባበት ሕምባሻ ላኩልኝ፤ ጣፋጭ ዳቦ ነው፣ እንደ ጎማ ክብ፣ እንደ ኬክ ለስላሳ። ረቡዕ ሌላዋ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ደጃፌ ላይ አስቀምጣ ሄደች። አይተውኝ የማያውቁ ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን አነሱልኝ። እኔም በላሁ፣ ጠጣሁ። ስኳሩንም በመዳፌ እየዘገንኩ ቃምኩት፣ ምን እደብቃለሁ። ሐሙስ ዕለት ትከሻዬ እሳት ሆኖ ዋለ። ጠዋት ጣቶቼ ተገትረው የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አቃታቸው። ጥሙማ አይነገርም።

ከሥራ ስመለስ አደይ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።

«ና፣ እይ» አሉኝ።

አየሁ። ከግድግዳው ሥር ተነስቶ ወደ ውስጥ የሚገባ የጉንዳን ሰልፍ ነው፤ መጨረሻ የለውም።

«ድሮ አልነበረም። እኔ ራሴን አውቃለሁ። ያንተ ነው።»

«አደይ! ምን ማለትዎ ነው?»

«ባለቤቴ ጣልያን ቤት ኬክ ጋጋሪ ነበረ። ሲታመም እንዲህ ነው የጀመረው። ውሃ፣ ውሃ ይላል። ይሸናል። ጉንዳን ይመጣል። ከዚያ ትከሻው ደረቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሸሚዝ ያለበስኩት እኔ ነኝ። ስኳር ነው ያለህ፣ ወደይ።» ወደይ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ጠሩኝ።

ሳቅኩባቸው። «ስኳር በራሽን በሚሰጥበት አገር ስኳር በሽታ ከየት ይመጣል፣ አደይ?»

«ሰፈሩ ሙሉ የሰጠህን የት አደረግኸው?»

መዳፌን ሱሪዬ ላይ ጠረግሁ።

«ለምን የሚሰጡህ ይመስልሃል?»

«ትከሻዬን ስላመመኝ አዝነውልኝ…»

አደይ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። ሳቃቸው ሲበርድ ግን ግራ ቀኝ አይተው ቀስ ብለው ነገሩኝ። ለካ ሰፈሩ እኔ እጄን አላነሳም ያልኩ መስሎት ኖሯል! የመፈክሩ መዝጊያ ሁልጊዜ «ወንበዴዎች ይደመሰሳሉ!» የሚል ነው። ወንበዴ የሚባሉት ደግሞ በረሃ የወረዱት፣ ሜዳ ያሉት ተዋጊዎች፣ የእነዚሁ የሴቶቹ ልጆች ናቸው። አፍ አውጥቶ የሚናገር የለም። የጎደለ ልጅ ሁሉ «ከረን አክስቱ ዘንድ ነው» ይባላል፤ ከረን ያለችው አክስት ስንቱን እንደምታሳድግ እግዜር ይወቅ። የአደይም ልጅ ከረን ነበር። አደይ በየእሑዱ ቆመው ልጃቸው እንዲደመሰስ ግራ እጃቸውን ይሰቅላሉ። ምን ያድርጉ? እንግዲህ በዚያ አዳራሽ ሦስት እሑድ በተከታታይ አንድ ግራ እጅ ሳይነሳ አዩ፤ ያውም የመንግሥት ሠራተኛ እጅ።

«አሁን ጀግና ነህ» አሉኝ። «ጀግናው ግን ስኳር አለበት። ነገ ሓኪም ቤት ትሄዳለህ።»

እኔ፣ ጀግና! አለቃዬ ሲያስነጥሰው «ይማርህ» ለማለት ዙሪያዬን የማይ ሰው! ላብ አጠመቀኝ። ግን እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ዓመት ሙሉ ያላየኝ ሰፈር አይቶኛል። እስከ እሑድ ድረስ ብቻ፣ ጥቂት ቀን፣ ጀግና ሆኜ ብሰነብት ማንን እጎዳለሁ ብዬ አሰብኩ። ዓርብ ሐኪም ቤት የሄድኩት በተመረጠ ኮት ነው።

ሐኪሙ ሸበቶ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ሰው ነበሩ። ትከሻዬን ስነግራቸው ትከሻውን ትተው «ሌሊት ለሽንት ስንት ጊዜ ይነሳሉ?» አሉኝ። ከዚያ እጄን እሳቸው ራሳቸው ለማንሳት ሞከሩ፤ ያው ደረቴ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ።

«እርስዎ ሲያነሱትም እኔ ሳነሳውም እኩል ቦታ ይቆማል። ጡንቻው አይደለም የለገመው፣ መገጣጠሚያው ራሱ ተቆልፏል» አሉ። ቀጥለው ደግሞ «እስቲ መዳፎችዎን እንደ ጸሎት ይግጠሙልኝ» አሉኝ።

ዘወር ብዬ በሩን አየሁ። በመንግሥት ሐኪም ቤት፣ በሥራ ሰዓት፣ ጸሎት!

«ለምርመራ ነው፣ አይፍሩ» አሉ እየሳቁ።

ገጠምኩ፤ አልገጠመም። ጣቶቼ ጎብጠው በመሀላቸው እርሳስ የሚያሳልፍ ክፍተት ቀረ። በስንት ዓመቴ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ይህን አላየሁትም ነበር፤ ለነገሩ ከሄድኩ ቆይቻለሁ። ላቦራቶሪው ውስጥ ደግሞ ሽንቴን ከሰማያዊ ፈሳሽ ጋር አፈሉት። ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ፣ አረንጓዴው ቢጫ፣ ቢጫው የጡብ ቀለም ያዘ። የላቦራቶሪው ሠራተኛ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና «ኧረ ጋሼ፣ ይሄማ ሽሮፕ ነው» አለኝ።

ሐኪሙ ቁጭ ብለው አስረዱኝ። ትከሻ የሚዞርበት መገጣጠሚያ ዙሪያውን ስስ ከረጢት አለው። ስኳር ደም ውስጥ ሲበዛና ሲቆይ ያንን ከረጢት ያወፍረዋል፣ ያደርቀዋል፣ እርስ በርሱ ያጣብቀዋል። መጀመሪያ ይቆጣል፣ ሌት ተቀን ያማል። ከዚያ ሕመሙ ለዘብ ሲል ይገተራል። ከዚያ ደግሞ በራሱ ጊዜ፣ እያንቀራፈፈ ይፈታል። ማንንም ሊይዝ ይችላል፣ ስኳር ያለበትን ሰው ግን ይወደዋል፣ ሲይዘውም ቶሎ አይለቅም። የጣቶቼም መገተር የዚያው ዘመድ ነው።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ዓመት። ምናልባትም ሁለት።»

«ዶክተር፣ እኔ ለእሑድ ነው የምፈልገው!»

ለምን ለእሑድ እንደሆነ ሳስረዳቸው ብዙ ሳቁና ወረቀት አወጡ። መርፌ እንዲወጉኝ ለመንኳቸው። «መገጣጠሚያው ውስጥ ብወጋዎት ቁጣው ይበርዳል፣ ስኳርዎ ግን ሽቅብ ይወጣል። መጀመሪያ ስኳሩ ይውረድ» አሉ። ክኒን አዘዙልኝ። ስኳርና ጣፋጭ ከለከሉኝ፣ እንጀራውንም ፓስታውንም በልክ አሉኝ። ክንዴን ማንም እንዳይጎትተው፣ ግን ደግሞ አንድም ቀን ሥራ ፈቶ እንዳይውል አስጠነቀቁኝ፤ ግድግዳ ፊት ቆሜ በጣቶቼ ሽቅብ እየዳህኩ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ላስወጣው። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ክቡን ማኅተም መቱልኝ።

እሑድ መጣ። ወረቀቱን ብሰጥ ጀግንነቴ ይሞታል፤ ባልሰጥ ደብዳቤው ይጻፋል። ብዙ አመነታሁ ብል ውሸት ነው። አዳራሹ በር ላይ ሰጠሁት። እኔ በኪሱ ከትቶ የሚተወው መስሎኝ ነበር። ሊቀ መንበሩ ግን ወረቀት የሚወድ ሰው ነው፤ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ከአናቱ እስከ ማኅተሙ አነበበው። ጓዱ ግራ እጃቸውን የማያነሱት በሌላ ምክንያት ሳይሆን ስኳር በሽታ ስላለባቸው ነው። የትከሻቸው መገጣጠሚያ ተቆልፏል። ሽንታቸው ተመርምሯል፣ ስኳር ተገኝቶበታል። ለስድስት ወር ክንዳቸውን ከማንሳት ነፃ ናቸው። ሽንቴን! በሕዝብ ፊት! ከዚያ እነዚያ የኋላ መደዳ ሴቶች… በሉ ተዉት። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ።

ሰኞ ሻሂ ቤት ገባሁ። ባለቤቱ ብርጭቆውን ፊቴ አስቀመጠና «ላንተ መራራ» አለኝ። ከሥሩ ፈለግሁ፤ አንዲት ፍሬ ስኳር የለም። በሐኪም ትእዛዝም በሰፈር ፍርድም ስኳሬ በአንድ ቀን ተቆረጠ። ባርኔጣም ወደ ራሱ ተመለሰ። አንድ ነገር ግን አልተመለሰም፤ ስገባ ጨዋታው አልተቋረጠም። እንዲያውም ጨዋታው እኔው ነበርኩ። «ጉንዳኖቹ እንዴት አደሩ?» ይለኛል አንዱ። ስቄ መልስ እሰጣለሁ። ጀግና ባልሆንም መሳቂያ ሆንኩ፤ ከምንም ይሻላል።

ግድግዳ የምወጣው አደይ በዚያው ሰሞን ኖራ ባስቀቡት ግድግዳ ላይ ነበር። የመጀመሪያ ቀን የጣቴን አሻራ አይተው «ግድግዳዬን!» ብለው ጮኹብኝ። በሁለተኛው ቀን ከሰል ይዘው መጡና ጣቴ የደረሰበት ላይ መስመር አሰመሩ። ከዚያ በኋላ ግድግዳው የእሳቸው ትምህርት ቤት፣ እኔ ደካማው ተማሪ ሆንኩ። የትናንቱን መስመር ካላለፍኩ ራት የለም። እንባዬ ዱብ ዱብ ሲል «አልቅስ፣ ግን ውጣ» ይሉኛል። ምግቤንም ተረከቡት፤ ምስር፣ ጎመን፣ አንዲት ግማሽ እንጀራ። አንድ ቀን የተደበቀ ሕምባሻ ትራሴ ሥር አግኝተው ለጎረቤት ሲሰጡ በዓይኔ አየሁ። ኮት መልበስ ሲያቅተኝ ፊቱ በቁልፍ የሚከፈት የልጃቸውን ሹራብ አውጥተው፣ መጀመሪያ የታመመውን እጄን አስገብተው አለበሱኝ። «ልኩ ነው» አሉ።

ከሁለት ወር በኋላ መደበር ድረስ በእግር ወሰዱኝ። ከአሮጌ ብረት ሁሉን የሚሠሩት ቀጥቃጮች ያሉበት ገበያ ነው። ገመድ የሚዞርበት መዘውር እንፈልጋለን አሉ፤ አንዱን ጫፍ በደህናው እጄ ወደ ታች ስስብ ሌላው ጫፍ የታመመውን ወደ ላይ እንዲያወጣው።

«ስንት ኪሎ ነው የሚያነሳው?» አለ ቀጥቃጩ።

«አንድ የመንግሥት ሠራተኛ» አሉት።

ሰውየው ከብስክሌት ጎማ መሀል አውጥቶ አንድ ነገር ሠራልን፤ አደይ የክፍሌ በር ላይ አንጠለጠሉት። ጠዋት ጠዋት ክኒኔን ውጬ እስበዋለሁ፤ ሲጥጥ ይላል፣ እኔም ሲጥጥ እላለሁ። ጉንዳኖቹ ሰልፋቸውን በትነው ሄዱ። ሽንቴም ሲፈላ አረንጓዴ ላይ መቆም ጀመረ። መጀመሪያ ሌሊቱ ቀለለኝ፤ እጄ ግን ንቅንቅ አይልም። ሐኪሙ ወረቀቱን አንዴ፣ ከዚያም ደግመው አደሱልኝ። የከሰሉ መስመሮች ወር ሙሉ አንድ ላይ ይከማቹና፣ ከዚያ አንዱ ሳይታሰብ ጣት ያህል ከፍ ይላል። እንዲህ እያለ ዓመት አልፎ መንፈቅ ሆነ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ውስጥ ልብስ ተሰጥቷል። የእኔን ሸሚዝ ላወርድ እጄን ዘረጋሁ፤ ሸሚዙን ካወረድኩ በኋላ ነው በግራ እጄ እንዳወረድኩት የገባኝ። ወደ ላይ አነሳሁት። ወጣ። ከራሴ በላይ ወጣ! ጀርባዬን አከክሁ፣ ያንን የዓመት ከመንፈቅ ዕዳ ሁሉ አከክሁት። «አደይ! አደይ!» ብዬ ጮኽኩ። ሮጠው መጡ፣ እልል አሉ፣ ትከሻዬን ሳሙት። «ተመስገን፣ ተመስገን» አሉ። ከዚያ ሸሚዜን ከእጄ ተቀብለው ማጠፍ ጀመሩ።

«ወረቀቱ መቼ ነው የሚያልቀው?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«ዛሬ» አልኳቸው።

ሸሚዙን አጥፈው ዘረጉት፣ እንደገና አጠፉት። ደስታዬ እዚያው ቀዘቀዘ። ነገ እሑድ ነው። እጄን ባነሳ፣ እኚህ ሴት አጠገቤ ቆመው እያዩ ልጃቸው ላይ ላነሳ ነው። ባላነሳ፣ ያ ደብዳቤ ይጻፋል፣ የአራት ልጆች አባት ነኝ። አታንሳ ብለው ቢለምኑኝ ይሻለኝ ነበር፤ ተናድጄ እምቢ እላቸዋለሁ፣ ይወጣልኛል። አልለመኑኝም። ራት አቀረቡልኝ፣ እንደ ሁልጊዜው እንጀራውን ለክተው። ያን ቀን ትከሻዬን ጠላሁት፤ ሲታመም ካስቸገረኝ ይልቅ ሲድን አስቸገረኝ።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። አደይ እንደ ሌላው እሑድ በቀኜ አልተቀመጡም፤ ዞረው በግራዬ መጡ። ሊቀ መንበሩ ከመድረክ ጣቱን ቀሰረልኝ። «ጓድ፣ ወረቀትህ ትናንት አልቋል። ዛሬ እናያለን» አለ። መቶ ራስ ዞሮ አየኝ። የስብሰባውን አንድም ቃል አልሰማሁም። በመጨረሻ ተነሱ ተባለ፣ ተነሳን።

«ወንበዴዎች ይደመሰሳሉ!»

እጆች ሁሉ ወጡ። የእኔም ተነሳ። እላችኋለሁ፣ እኔን ሳይጠይቅ ተነሳ፤ ዓመት ከመንፈቅ ለምኜው እምቢ ያለ ክንድ ፈራና እንደ ላባ ቀለለ። ደረቴ ጋ ሲደርስ ክርኔን አንድ እጅ ጨመደደው። አደይ ናቸው። ፊታቸውን ወደ መድረኩ እንዳቀኑ፣ ግራ እጃቸው ጨብጦ ወደ ላይ እንደተሰቀለ፣ በቀኛቸው ይዘውኛል። ጣቶቻቸው ሥጋዬ ውስጥ ገቡ።

«ጓድ!» አለ ሊቀ መንበሩ።

አፌን ሳልከፍት አደይ ቀደሙኝ። «ኣይፋሉን! አልዳነም! ስኳር መች ይለቃል? የማለብሰው እኔ ነኝ፣ እኔ አውቃለሁ!»

«አልዳነም» አለች ከኋላ መደዳ አንዷ። «እወ፣ አልዳነም» አለች ሌላዋ። የሻሂ ቤቱ ባለቤት ከፊት መደዳ «ትናንት ብርጭቆ እንኳ አላነሳም» አለ፤ ትናንት ዘንዱ አልሄድኩም። እኔም ድርሻዬን መወጣት አለብኝ ብዬ «ኧህህ» አልኩና ወደ ግራ ዘመም አልኩ። ሊቀ መንበሩ አንዱን መደዳ አየ፣ ሌላውን አየ። ቆጠረም አልቆጠረም አላውቅም።

«ሌላ ወረቀት ታመጣለህ» አለኝ። ከዚያ እጁን እንደገና ሰቀለ። «ወንበዴዎች ይደመሰሳሉ!»

«ይደመሰሳሉ!» አለ አዳራሹ። አደይም ግራ እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ ከሁሉም በሚበልጥ ድምፅ፣ «ይደመሰሳሉ!» አሉ። ቀኝ እጃቸው ክርኔን የለቀቀው ሰው ሁሉ እጁን አውርዶ ሲቀመጥ ነው።